ሰባት መድኃኒት የገባበት ዓይን

«አንድ ውሻውን እንደ ልጁ የሚወድ ገበሬ ነበረ» አሉ እማሆይ ወለተ ሐና።

ወይዘሮ ዘርትሁን ግራ ገባት። የመጣችው ስለ ውሻ ልትሰማ አልነበረም። ሴት ልጇ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቷን አቋርጣ ከተመለሰች ሁለት ወር ሆኗታል። ክፍሏን ዘግታ ትውላለች፤ ከሰው አትቀላቀልም፤ እናቷ ስትገባ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ዘርትሁን ያልሞከረችው የለም። ጠበል አስጠምቃታለች፣ አዲስ ልብስ ገዝታላታለች፣ መምከር ያውቁበታል የተባሉ ዘመዶችን አንድ በአንድ እየጠራች አስመክራታለች፣ በመዝገብ ቤት ሥራም አፈላልጋላታለች። ልጅቷ ግን ከቀን ወደ ቀን እየራቀች ሄደች። ቢቸግራት ነው እማሆይ ዘንድ መጥታ፣ «እማሆይ፣ ለልጄ ያላደረግሁት የለም። እስቲ ይንገሩኝ፣ ከዚህ በላይ ምን ልጨምርላት?» ብላ የጠየቀቻቸው።

እማሆይ የመለሱላት በገበሬው ነው።

«ታገሺኝና ስሚ፣ ልጄ» አሉና ቀጠሉ።

ገበሬው ከሚስቱ ጋር ሁለት ሆነው ይኖሩ ነበር። ልጆቻቸው አድገው፣ ትዳር ይዘው፣ በየፊናቸው ሄደዋል። ቤቱ ጭር ባለበት ጊዜ አንድ ቡናማ ቡችላ አገኙና ስሙን ጃሎ አሉት። ጃሎ አድጎ ትልቅ ውሻ ሆነ። በጎቹን ከቀበሮ ይጠብቃል፤ ሚስቱ ገበያ ስትሄድ እስከ ወንዙ ይሸኛታል። ገበሬው ከእርሻ ሲመለስ ደግሞ ኮቴውን ከሩቅ ያውቅና ሮጦ ደረቱ ላይ ይወጣበታል። አንዳንድ ቀን ይጥለዋል። ሰውየው መሬት ላይ ተዘርሮ እንደ ሕፃን ይስቃል። ሚስቱ ከበር ቆማ፣ «እኔ ሁለት ቡችላ ነው የማሳድገው» ትላለች።

ጎረቤቶቹም፣ «ይኸ ሰውዬ ለሚስቱ የማያወራውን ለውሻው ያወራል» እያሉ ያሙት ነበር። ሐሜቱ ሐሰት አልነበረም። ያወራለታል። ዝናቡ ስለ መዘግየቱ፣ የግራው በሬ ስለ ማነከሱ፣ ሁሉንም ይነግረዋል። ጃሎም ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ያዳምጣል።

አንድ ታኅሣሥ ገብስ ወቁ። ጃሎ አውድማው ላይ ዋለ። በማግሥቱ ጠዋት ገበሬው በሩን ሲከፍት ውሻው እንደ ወትሮው አልዘለለበትም። አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ቀኝ ዓይኑን ጨፍኖታል፤ እንባው እስከ አፍንጫው ወርዶ ጸጉሩን አበስብሶታል። በፊት እግሩ ዓይኑን ያሻል፣ ያለቅሳል፣ እንደገና ያሻል።

ሰውየው ደነገጠ። ቁርሱን ሳይቀምስ ተነሣ።

በመጀመሪያ ሚስቱ ጨው በውሃ በጥብጣ አመጣች። «ጨው የማያጠራው የለም» አለች። ባል የውሻውን ራስ ያዘ፣ ሚስት አጠበችው። ጃሎ ጮኸ።

ጩኸቱን የሰማች ጎረቤት መጣች። አየችውና፣ «ይኸማ ምች ነው! ፀሐይ ላይ ተኝቶ ውሎ ነው ምች የመታው» አለች። ከጓሮዋ ዳማ ከሴ ቆርጣ፣ በመዳፏ አሽታ፣ ጭማቂውን ጠብ አደረገችለት። ከሰዓት በኋላ ሌላዋ መጣች። «ምች አይደለም፣ የሰው ዓይን ነው። እንዲህ ያለ ውሻ በሰው ፊት ያቆማችሁት እናንተ ናችሁ» አለችና ጤና አዳም አኝካ እፍ አለችበት። በማግሥቱ ንብ ያለው ሰው ማር ይዞ መጣ። ከማር በላይ መድኃኒት የለም አለ። ሌላው የፍየል ወተት ለብ አድርጎ አመጣ። ሚስቲቱ ባለፈው ዓመት ጤና ጣቢያ ለራሷ ዓይን የሰጧትን የቱቦ ቅባት ከሣጥን አውጥታ ቀባችው።

እስካሁን ስድስት ሆነ። ሰባተኛው ከከተማ መጣ። የገበሬው እኅት ባል ዓይኑን ታክሞ ድኖ ነበርና፣ ከእሱ የተረፈ ጠብታ በትንሽ ጠርሙስ ላከለት። «ይኸ እንደዚያ እንደ ቅጠላችሁ አይደለም። እኔን በሁለት ቀን ነው ያዳነኝ» ብሎ ላከ። ገበሬውም በጠዋት፣ በቀትር፣ በማታ ጠብ ያደርግለት ጀመር። እውነትም በመጀመሪያው ቀን ቅላቱ ቀነስ አለ። ሰውየው ተስፋ አደረገ። በሁለተኛው ቀን ግን የዓይኑ ብሌን ላይ ደመና ወረደበት። እንደ ወተት ነጣ።

አየሽ ዘርትሁን፣ ከእነዚህ ሁሉ ሰዎች አንድም ክፉ አልነበረም። ሁሉም ሥራውን ትቶ፣ ከጓሮው ቆርጦ፣ ከጓዳው አውጥቶ ነው የመጣ። ይኸንን ልብ በይልኝ።

ገበሬውን ግን ከዓይኑ ይልቅ ሌላ ነገር አሳዘነው። ጃሎ እሱን መፍራት ጀመረ። ስንት ዘመን ኮቴውን ሲሰማ ይሮጥ የነበረው ውሻ አሁን ኮቴውን ሲሰማ ተነሥቶ ይሄዳል። ጎተራው ሥር ገብቶ ይደበቃል። ሰውየው ጎንበስ ብሎ፣ «ጃሎ፣ ናማ። እኔ ነኝ እኮ» ይለዋል። ውሻው በአንድ ዓይኑ እጁን ያያል። ጠርሙስ ይዞ እንደሆነ ያያል። ከዚያ ወደ ውስጥ ይሳባል።

በስድስተኛው ቀን ማታ ጎረቤቶቹ ተሰብስበው መከሩ። ከመካከላቸው አንዱ ቆራጥ ነበርና፣ «ወንድሜ፣ ዓይኑ ፈሰሰ በለው። አንድ ዓይና ውሻ በግ አይጠብቅ። ጫካ ወስደህ ተወውና ሌላ ቡችላ አሳድግ» አለው። ሌላው፣ «ተው እንጂ! የኔ አጎት የሚያውቀው አንድ ሥር አለ፣ እሱን ብንጨምርበት...» አለ።

ሚስቲቱ ይኸን ጊዜ ከጓዳ ወጣች።

«የሚጨመርበት ቦታ ተርፏል እንዴ?» አለች። «ያ ዓይን እኮ ከኔ ድስት የበለጠ ነገር ገብቶበታል። አንተ ሰው፣ ነገ ተነሥና ወደ እንስሳት ሐኪሟ ውሰደው።»

ሰዎቹ ሳቁ። «ውሻ ሐኪም ቤት! በሬ መውሰዱ ሲገርመን!» አሉ። ገበሬውም አፈረ። ግን ሚስቱ አንዴ ከተናገረች እንደማትመለስ ያውቃል፤ ውሻውም እንዲያ ሲሆን ማየት አልቻለም። በማለዳ ጎተራው ሥር በደረቱ ተስቦ ገባ፣ ጃሎን አቅፎ አወጣው፣ በጋቢ ጠቀለለው፣ አህያ ላይ አስቀምጦ ጉዞ ጀመረ። ሰባቱንም መድኃኒት በከረጢት ይዟል።

መንገዱ የሁለት ሰዓት ነው። ወንዙ ዳር አንዲት ሴት ጋቢውንና ከጋቢው ሥር የሚያቃስተውን አየችና እንስራዋን አወረደች። «እግዚአብሔር ይማረው፣ አባቴ! ልጅዎ ነው?» አለችው።

«ውሻዬ ነው» አለ ገበሬው አንገቱን ደፍቶ።

ሴትዮዋ ጋቢውን ገለጥ አድርጋ አየች። ጃሎም በአንድ ዓይኑ አያት። ሴትዮዋ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሰውየው ተቆጥቶ ሊሄድ ሲል እጁን ያዘችው። «አይቆጡኝ፣ አባቴ። የሳቅሁት ደስ ብሎኝ ነው። ውሻውን በጋቢ የሚያስታምም ሰው ያለበት አገር ይባረክ። እሱንም ይማረው» አለችና ሦስት ጊዜ አማተበችበት። ገበሬው ከዚያ በኋላ አላፈረም። ቀና ብሎ ሄደ።

ክሊኒኩ በር ላይ ላም ያመጣ፣ አህያ ያመጣ፣ ዶሮ በቅርጫት ያመጣ ተሰልፏል። ተራው ደረሰ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ነጭ ጋዋኗን ጭቃ ነክቶታል። ገበሬው ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳያደርስ ከረጢቱን ፈታና መድኃኒቶቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ዳማ ከሴው ጠውልጓል። ማሩ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሏል። ወተቱ ረግቷል።

«ዶክተር፣ ይኸን ሁሉ አድርጌለታለሁ። የቀረው ምንድን ነው? ምን ልጨምርለት?»

ሐኪሟ መድኃኒቶቹን አላየችም። ውሻውን እያየች፣ «መቼ ጀመረው?» አለችው።

«ዛሬ ሰባተኛ ቀኑ ነው። ጠዋት ተነሥቼ ሳየው ዓይኑ ተጨፍኖ ነበር።»

«ከዚያ በፊት በነበረው ቀን የት ዋለ?»

ስድስት ቀን ሙሉ ስለዚህ ውሻ ያልተባለ ነገር አልነበረም። ይኸን ግን የጠየቀ የለም። ገበሬውም ራሱን አልጠየቀም።

«አውድማ ላይ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ገብስ ስንወቃ። ገለባው ውስጥ ሲንከባለል፣ ሲቆፍር፣ ጭንቅላቱን ሲቀብር... ምን ያህል ደስ ብሎት እንደነበር ባዩት!»

ሐኪሟ እጇን ታጠበች። የጃሎን አፍ በለስላሳ ጨርቅ አሰረችና ገበሬውን፣ «ራሱን ይያዙልኝ። እያወሩት ይሁን፣ ድምፅዎን ይስማ» አለችው። ከዚያ መስኮቱን ዘጋች። ክፍሉ ጨለመ። ትንሽ ባትሪ አብርታ መጀመሪያ ደህናውን ዓይን አየች።

«ዶክተር፣ የታመመው እኮ ያኛው ነው» አለ ገበሬው።

«ደህናው ምን እንደሚመስል ሳላውቅ የታመመውን በምን አውቀዋለሁ?» አለች። ቀስ ብላ ደህናውን አየች። ብርሃኑ ሲያርፍበት ብሌኑ ጠበብ ማለቱን አየች። ከዚያ ወደ ታመመው ዞረች። እሱንም እንዲሁ ቀስ ብላ አየች። ገበሬው ይህን ያህል ጊዜ ዝም ብሎ አንድ ነገር ላይ የሚያይ ሰው አይቶ አያውቅም። ስድስት ቀን ሙሉ ሁሉም ሰው ወደዚያ ዓይን የመጣው እጁን ዘርግቶ ነበር። ይህች ሴት እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ታያለች።

ቀጥላ ብርቱካንማ ቀለም ውስጥ የተነከረ ቀጭን ወረቀት አወጣች። በንጹሕ ውሃ አራሰችና የዓይኑን ጠርዝ ነካ አደረገችው። «ይኸ መድኃኒት አይደለም» አለችው ገበሬው ሳይጠይቃት። «ቁስል ማያ ነው። ጤነኛ ዓይን ላይ አይዝም፤ ከእንባው ጋር ታጥቦ ይሄዳል። ቁስል ያለበትን ግን ይይዛል፤ ደብቆ አያስቀርም።» ሰማያዊ መብራት አበራችበት።

ገበሬው በትከሻዋ በኩል አየ። በነጣው ብሌን ላይ፣ በአፍንጫው በኩል፣ እንደ ቡቃያ አረንጓዴ ሆኖ የሚያበራ ነገር አለ። አንድ ላይ የተሰመሩ ጭረቶች ናቸው፤ መካከላቸው ላይ ጠልቋል።

«ምን ጉድ ነው!» አለ።

«ምች እንዲህ መስመር እየሳለ አይሄድም» አለች ሐኪሟ። «አንድ ነገር ገብቶ እየተመላለሰበት ነው። ዓይኑን በጨፈነና በገለጠ ቁጥር ይቧጭረዋል።»

የሚያደነዝዝ ጠብታ አድርጋ ጥቂት ጠበቀች። «ውሻ እንደ እኛ ሁለት የዓይን ቆብ ብቻ አይደለም ያለው» አለች። «ሦስተኛ አለው፤ ከውስጥ፣ በአፍንጫው በኩል ተደብቆ የሚቀመጥ። ሰው የማያየው እሱን ነው።» በቀጭን ወረንጦ ያን ሦስተኛ ቆብ ያዘችና ገለበጠችው። ባትሪዋን አስጠጋች። ፈገግ አለች። ሌላ ወረንጦ አንሥታ ከሥሩ አንድ ነገር ያዘች፤ ቀስ ብላ፣ በመጣበት አቅጣጫ ሳበችው።

የገብስ ጢም ነበር። ያ ከዛላው ጫፍ እንደ መርፌ ሾሎ የሚበቅለው። ከጣት አንጓ አይበልጥም።

ገበሬው መዳፉን ዘረጋ፣ ሐኪሟም መዳፉ ላይ አኖረችለት። አየው። አገላበጠው። ዕድሜ ልኩን ገብስ ያጨደ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለውን በሺህ የሚቆጠር ከልብሱ አራግፏል። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እያለቀሰ መስሏት ሐኪሟ ቀና አለች። እየሳቀ ነው። ሳቁ እንባ አመጣበት፤ እንባው እንደገና ሳቅ ሆነበት።

«ለዚህ ነው?» አለ። «ለዚህ ነው ማር ድረስ የሄድነው?»

ሐኪሟም ሳቀች። ያን ጊዜ ነው ጠረጴዛው ላይ ወደተደረደሩት የዞረችው። ቅጠሉን፣ ማሩን፣ ወተቱን ወደ አንድ ጎን ገፋች። የሚስቱን ቅባት አገላብጣ አየችና፣ «ይኸ ክፉ አልነበረም፤ ግን እሾህ አይነቅልም» አለች። ትንሿን ጠርሙስ ስታነብ ፊቷ ተለወጠ።

«ይኸን ማን ሰጠዎት?»

«የእኅቴ ባል ነው። እሱን አድኖታል።»

«ያድነዋል። ለእሱ ሕመም የታዘዘ መልካም መድኃኒት ነው። ቅላት ያጠፋል። ግን የቆሰለ ዓይን ላይ ከገባ ቁስሉ እንዳይጠግግ ይከለክለዋል። አሁንም ጠልቋል። ሁለት ቀን ቢጨምሩለት ኖሮ ዓይኑ ይበሳ ነበር።»

«እኔ ነኛ ላጠፋው የነበረ። በገዛ እጄ» አለ።

«ስለሚወዱት ነው ይኸን ያደረጉ። ያመጡትም እርስዎ ነዎት» አለችው። «አሁን ይስሙኝ።» አንድ ቅባት ብቻ ሰጠችው፤ በቀን አራት ጊዜ የሚቀባ። ዓይኑን በእግሩ እንዳያሽ ከአሮጌ ባልዲ ታቹን ቆርጣ አንገቱ ላይ አሰረችለት። «ከዚህ ሌላ ምንም እንዳይነካው። ቀብተው ሲጨርሱ ይተዉት። በአሥረኛው ቀን ይመልሱልኝ። ቀለሙ ካልያዘ ድኗል ማለት ነው።»

«ሌላ የምጨምርለት...»

«ምንም!» አለች ሐኪሟ። ቃሏ በሩ ላይ የተሰለፉትን ሁሉ አሳቀ።

ገበሬው ተመለሰ። ጃሎ ባልዲ አጥልቆ አህያ ላይ ተቀምጦ ሲመጣ አገሩ ሁሉ ወጥቶ አየው። ጎረቤቶቹም ሐኪሟ ምን አለች ብለው ሊጠይቁ መጡ፤ አንዳንዱም ባዶ እጁን አልመጣም። ባለ ሥሩ ሥሩን ይዟል። ባለ ማሩ ሌላ ማር ይዟል። ገበሬው የገብሱን ጢም መዳፉ ላይ አድርጎ አሳያቸው። አንዱ ከአንዱ እየተቀባበለ አየው።

«እናንተ ወገኖቼ» አላቸው፣ «ሳልጠራችሁ ደርሳችሁልኛል። ይኸን አልረሳም። ከዛሬ ጀምሮ ግን ጸሎታችሁን ይዛችሁ ግቡ፣ የያዛችሁትን ደግሞ በደጃፉ አኑሩ።»

ባለ ማሩ ትንሽ ቅር አለው። ሚስቲቱ፣ «ማሩን እኔ እቀበላለሁ፤ እኔ ዓይኔን አላመመኝም» ስትል ግን እሱም ሳቀ።

አሁን ከሁሉ የከበደው ቀረ። ጃሎ እንደገና ጎተራው ሥር ገባ። ሰውየው በቀን አራት ጊዜ ያወጣዋል፣ ቅባቱን ይቀባዋል፣ ይለቀዋል። የመጀመሪያውን ቀን ሊያባብለው ተከትሎት ሄዶ ነበር፤ ውሻው ይበልጥ ሸሸ። ስለዚህ ሌላ አደረገ። ከጎተራው አሥር እርምጃ ራቅ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሥጋ አልያዘም፣ አጥንት አልያዘም። ሁለቱን መዳፎቹን ገልጦ ጉልበቱ ላይ አኖራቸው። እንደ ድሮው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግራው በሬ፣ ስለ ጎረቤቱ ክርክር አወራለት። አልጠራውም።

በሁለተኛው ቀን የባልዲው ጠርዝ ከጎተራው ሥር ብቅ አለ። ሰውየው አየ፤ ያላየ መሰለ፤ ወሬውን ቀጠለ።

በሦስተኛው ቀን ጃሎ ወጣ። መጀመሪያ እጆቹን በሩቁ አየ። አንድ እርምጃ መጣ። ቆመ። ሌላ እርምጃ መጣ። ባልዲው መሬቱን እየፋቀ ቀረበና ራሱን ከነባልዲው ጉልበቱ ላይ ጣለ። ሰውየው እጁን አላንቀሳቀሰም። ውሻው ራሱ ወደ መዳፉ ገባ። ያን ጊዜ ነው የነካው። ሚስቲቱ ከበር ሆና ታይ ነበር፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ጓዳ ተመለሰች።

በአሥረኛው ቀን ሐኪሟ ዘንድ ሄዱ። መስኮቱ ተዘጋ፣ ወረቀቱ ነካ አደረገው፣ ሰማያዊው መብራት በራ። ቀለሙ ከእንባው ጋር ወረደ። የያዘበት ቦታ የለም። አንዲት የጤፍ ቅንጣት የምታህል ጠባሳ ብቻ ቀርታለች፤ እሷም ማየት አትከለክልም። ሐኪሟ ባልዲውን ከአንገቱ ፈታች። ጃሎ ራሱን አራገፈ፤ ጆሮዎቹ ተማቱ። ከዚያ ገበሬውን በሁለቱም ዓይኖቹ አየውና ተወርውሮ ደረቱ ላይ ወጣ። ሰውየው ክሊኒኩ ወለል ላይ ተዘረረ። ላም ይዞ የቆመው ሰው ሳይቀር ሳቀ።

በሚቀጥለው እሑድ ገበሬው ጠላ ጠምቆ ጎረቤቶቹን ጠራ። ያ ጫካ ጣለው ያለው ሰው ሁለት ዋንጫ ከጠጣ በኋላ ጃሎን እየደባበሰ፣ «እኔ ድሮም አውቄ ነበር፣ ይኸ ውሻ አንድ ቀን እንኳ ተስፋ አልቆረጥሁበትም» አለ። የዳማ ከሴዋ ሴት ደግሞ እስከ ዛሬ ያዳነችው እሷ እንደሆነች ትናገራለች። ገበሬው አይከራከራትም።

እማሆይ እዚህ ሲደርሱ ራሳቸውም ሳቁ። ዘርትሁንም አብራ ሳቀች፤ ከሁለት ወር በኋላ የሳቀችው የመጀመሪያ ሳቅ ነበር። እማሆይ ግን ዓይናቸውን ከእሷ ላይ አላነሡም።

«አሁን ወደ ጥያቄሽ ልመለስ» አሉ። «ምን ልጨምርላት አልሽኝ። ልጅሽን በውሻ መሰልሁብሽ ብለሽ አትቀየሚኝ፤ በሕመሙ ነው የመሰልኋት። ገበሬው አንቺ ነሽ፤ ፍቅርሽ እውነተኛ ነው፣ አልጠራጠረውም። ጎረቤቶቹ ዘመዶችሽ ናቸው፤ እነሱም ክፉ አላሰቡም። ስትገቢ ጊዜ ያደረግሽላትን ሁሉ ቆጠርሽልኝ። ጠበሉን፣ ልብሱን፣ መካሪውን፣ ሥራውን። ሁሉም ለአንድ ሕመም መድኃኒት ነው። ግን ልጠይቅሽ፤ እሷ ምን ብላ ነገረችሽ?»

«እማሆይ... ምን ሆነሽ ነው ብዬ ጮኼባታለሁ። አስመክሬአታለሁ። እንጂ ተቀምጬ...» አለች ዘርትሁን።

«አልጠየቅሻትም። ለዚህ ነው ስትገቢ ፊቷን የምታዞረው። አልጠላችሽም፤ እጅሽን እያየች ነው። ዛሬ ደግሞ ምን ይዛ መጣች እያለች ነው። ልጅሽ ጤነኛ ሆና ሄዳ ነበር፤ አንድ ቀን ዓይኗ ተጨፈነ። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን የት ነበረች? ምን ገባባት? ማን አስገባባት? ያን ሳታውቂ የምትጨምሪው ሁሉ በቁስሉ ላይ የሚንጠባጠብ ነው። ማር እንኳ ቢሆን። መውጣት ያለበት ነገር ውስጥ ካለ፣ ማከም ማለት መጨመር አይደለም፤ ማውጣት ነው። ለማውጣት ደግሞ መጀመሪያ ማየት ያስፈልጋል። ለማየት እጅን ወደ ኋላ ማድረግ።»

«ዘመዶቼንስ?»

«በፍቅር ከደጅ መልሻቸው። ጸሎታቸውን ተቀበያቸው።»

ዘርትሁን ተነሥታ መስቀላቸውን ተሳለመች። በሩ ጋ ደርሳ ዞር አለች። «እማሆይ፣ ብቀመጥ ባትነግረኝስ?»

እማሆይ ፈገግ አሉ። «ትነግርሻለች ብዬ ቀን አልቆርጥልሽም። ግን ተቀመጪ። አጠገቧ ሳይሆን ራቅ ብለሽ ተቀመጪ። ስለ ዝናቡም ቢሆን አውሪላት፤ አትጥሪያት። መዳፍሽ ባዶ መሆኑን ስታውቅ እሷው ትመጣለች። ነይ ሳትያት የመጣች ዕለት ደግሞ፣ ዘርትሁን፣ ደስታውን አትችዪውም።»